ጥያቄና መልስ፦ ዋስ ፈርሞላችሁ ስትሄዱ

ሰሞኑን ከሐዋሳ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ስለ አንድ ነገር ያወራሉ፤ ውጭ ተምሮ፣ ውጭ ተመራምሮ ስም ስለ ማትረፍ።

አንዲት ተመራማሪ አንዱን ጽሑፏን በአባቷ፣ ሌላውን በአያቷ ስም አሳትማ፣ አሁን ሁለት ሰው መስላ ተቸግራለች። ከእንግዲህ በፓስፖርትሽ ላይ ያለውን አጻጻፍ ብቻ ተጠቀሚ። ኦርሲድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር አውጪና ሁለቱንም ጽሑፎች እዚያ አስመዝግቢ። በነጻ ነው።

«በሦስት ቀን እናትምልዎታለን፣ ክፍያውን ይላኩ» የሚል መልእክት የደረሳቸው አንባቢ ይላኩ ወይ ብለዋል። በሦስት ቀን ማን አንብቦ፣ ማን ገምግሞ? አይላኩ። ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ፣ ማለትም ማንም በነጻ በሚያነባቸው መጽሔቶቻቸው ላይ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች የማሳተሚያ ክፍያውን ይተዋሉ። ጽሑፉን ሲያስገቡ ይጠይቁ።

ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ቤልጂየም ኖረው ዶክትሬታቸውን ሊጨርሱ ተቃርበዋል። ፕሮፌሰራቸው «እዚሁ ቆይ፣ ለማሪ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት እናመልክት» ብለዋቸዋል፤ ይህ የአውሮፓ ኅብረት ዶክትሬት ለያዙ ተመራማሪዎች የሚሰጠው የምርምር ድጋፍ ነው። አገር ቤት ተመልሰው የማገልገል ግዴታ ውል አለባቸው፤ ዋሳቸው የአክስታቸው ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። «ብመለስ በሩ ይዘጋብኛል፤ ብቀርስ?» ይላሉ።

እሷ ፊት ቆመው ቢሆን «ብቀርስ» ይሉ ነበር? የደመወዝ ማስረጃ አስጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ፣ መታወቂያዋን አስይዛ የፈረመችው እሷ ናት። እርስዎ ሲቀሩ የክፍያ ደብዳቤው የሚሄደው ቤልጂየም አይደለም፤ እሷ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነው።

ደግሞስ በሩ ይዘጋል ያለዎት ማን ነው? ፕሮፌሰርዎ ደንቡን ያነበቡት አይመስለኝም። ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ ሰው ለዚያ አገር ማመልከት አይችልም። ስለዚህ አሁን ባሉበት ሁኔታ ኔዘርላንድስን ወይም ኖርዌይን እንጂ ቤልጂየምን አያገኙም። በሌላ በኩል ዶክትሬት ከያዙ በኋላ እስከ 8 ዓመት ድረስ ማመልከት ይቻላል፤ ከሐዋሳ ሆኖ ማመልከትም አይከለከልም። እንዲያውም አገር ቤት በቆዩ መጠን ቤልጂየምም መልሳ ትከፈትልዎታለች። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ጥምር የዶክትሬት ዲግሪ መስጠቱንም አይርሱ፤ የውጭ ትብብር እዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይፈልጋል።

የግድ መቆየት ካለብዎት፣ የትምህርት ፈቃድዎ ሳያልቅ ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ከዚያ በፊት ግን ውሉን ጠበቃ ያንብበው። ይህን ለወግ ያህል አልልም። የሚመለሰው ገንዘብ መጠንና የዋሷ ድርሻ የሰፈረው እዚያ ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ እኔም ሆንኩ ጓደኞችዎ ሳናነበው የምንሰጥዎት ምክር ዋጋ የለውም።

ስለ ቪዛ የጻፋችሁ ሁሉ፦ ኤምባሲውን ጠይቁ። ደላላውን አይደለም።