ዲጂታል ሚዲያ በማይነር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ስለ ማይነር (ከሜጀር፣ ማለትም ከዋናው የትምህርት ዘርፍ፣ ጎን ስለሚወሰድ ትንሽ ሁለተኛ ዘርፍ) ጥያቄ በዝቶብኛል። አብዛኛው የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ አንዱ ግን ከአዲስ አበባ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ሜሪላንድ ፐብሊክ ሄልዝ (የኅብረተሰብ ጤና) እማራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ዲጂታል ሚዲያን ማይነር ባደርግ ጊዜዬን ይበላብኝ ይሆን?

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። አሜሪካ ውስጥ ለባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይፈለጋል። ማይነር ከ15 እስከ 21 ክሬዲት ቢሆን ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ኮርስ ማለት ነው። የሜጀርሽንና የጄኔራል ኢዱኬሽኑን (ሁሉም ተማሪ የሚወስደውን የጋራ ትምህርት) ስትቀንሺ የኢሌክቲቭ፣ ማለትም በምርጫሽ የምትወስጂው ኮርስ፣ ቦታ ይተርፍሻል። ማይነሩ እዚያ ውስጥ ከገባልሽ ውሰጂው። አንድ ሴሚስተር የሚያስጨምርሽ ከሆነ ግን ተይው፤ ለማይነር ተብሎ የሴሚስተር ክፍያ አይከፈልም ባይ ነኝ። አንድ ኮርስ ለሁለቱም ይቆጠር እንደሆነም አድቫይዘርሽን (የትምህርት አማካሪሽን) ጠይቂ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገደብ አላቸው።

ለአንቺ ሙያ ግን አዎ የምልበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ክሊኒክ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የተተረጎመ ወረቀት ቆሞ የሚያነብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በቫይበር የምንቀባበለው «ነጭ ሽንኩርት ደም ግፊትን ያድናል» የሚል ቪዲዮ ግን በአንድ ማታ ሰፈሩን ያዳርሳል። እዚያ ሜዳ ላይ ትክክለኛውን ነገር በአንድ ደቂቃ፣ በደንብ በሚሰማ አማርኛ የሚያስረዳ የጤና ባለሙያ ያስፈልገናል።

ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ጀመረልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ ዲጂታል ሚዲያ እጨምራለሁ ይላል። ታክሲ እየነዳሁ የማስተምረው ቲክቶክ እንዲማር ነው እንዴ?

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ቲክቶክ መለጠፍማ ሁሉም ሳይማር ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው። የግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ይሰጣቸውና ወደ 90 ሰከንድ አሳጥሩት ይባላሉ፤ ተናጋሪው ያላለውን እንዳለ ሳያስመስሉ። መስማት ለተሳናቸው የግርጌ ጽሑፍ ያስገባሉ። ድረ ገጽ ሲሠሩ የፊደሉና የጀርባው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆኑን ይለካሉ፤ አለዚያ ዓይኑ የደከመ ሰው አያነበውም። ይህ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጨዋታ አይደለም፣ ሥራው ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ግን ልብ ይበሉ። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ የሚሸፍነው ለዲግሪው የሚቆጠሩ ኮርሶችን ነው። የማይነሩ ኮርሶች ከኢሌክቲቭ ቦታው ካለፉ ትርፉ ከኪስ ሊወጣ ይችላል። ፔል ግራንትም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) በጠቅላላው ከ12 ሙሉ ሴሚስተር አያልፍም። ልጁን «የዲግሪ ኦዲትህን አሳየኝ» ይበሉት። ለመመረቅ የቀረው ኮርስ ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል፤ ሊሸውድዎት አይችልም።

ኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ላይ ነኝ፤ ሜጀሬ ቢዝነስ ነው። በዲጂታል ሚዲያ ማይነሬ በኩል ኦፒቲ (ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጥ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ) ይዤ ቪዲዮ ኤዲተር ልሁን?

አይሆንም። የኦፒቲ ሥራ ከሜጀርህ ጋር በቀጥታ መገናኘት አለበት። የ24 ወሩ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሂሳብ ዘርፎች) ማራዘሚያም ማይነርን አይቆጥርም። እዚያው ሚዲያ ቤት የማርኬቲንግ ሥራ ብታገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቅጥሩን ከመፈረምህ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮውን አነጋግር።

ለክፍል ፕሮጀክት የአማርኛ ሰብታይትል ስጽፍ ሳጥን ሳጥን እየሆነ ይወጣብኛል። አስተማሪዬም ግራ ገብቶታል።

ኮምፒውተርህ ጤነኛ ነው። የመረጥከው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የግዕዝ ፊደል የለውም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ሁሉም ፎንት ይዞታል ማለት አይደለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነፃ አውርደህ ጫን፣ ፕሮግራሙን ዘግተህ ክፈት፣ ከዚያ ፎንቱን ራስህ ምረጥ። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንትም ነፃ ነው፤ የቁም ጽሕፈት መልክ ስላለው ለርዕስ ያምራል፣ በስልክ ስክሪን ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰብታይትሉን ግሱ ሳይደርስ ከቆረጥከው ተመልካቹ «ሰውየው ገንዘቡን…» የሚለውን አንብቦ ይንጠለጠላል። ሰጠ? ሰረቀ? አስተማሪህ ይህን አያይልህም፣ አያትህ ግን ታየዋለች።

አዲስ አበባ አካውንቲንግ እማራለሁ። እኛ ጋ ማይነር የሚባል ነገር የለም። ምን ይሻለኛል?

መጀመሪያ ዋናውን ያዝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለብህ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ፈተናው የሚመጣውም ከአካውንቲንጉ ነው። በተረፈህ ሰዓት ዳቪንቺ ሪዞልቭን (የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው) ሞክር፤ ነፃ ቅጂ አለው። ላፕቶፑ ካልቻለው ስልክህ ይበቃሃል። ርዕስ ደግሞ በእጅህ አለ፦ ለባለ ሱቆች ስለ ደረሰኝና ስለ ቫት አጫጭር ቪዲዮ ሥራ። ድምፁ ላይ ግን አትቀልድ። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሥሃል፣ ድምፅህ ካልተሰማው ግን ወዲያው ይዘልሃል።

ማይነሩ ዲፕሎማዬ ላይ ይጻፋል?

አብዛኛውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱ (የውጤት መግለጫው) ላይ ነው የሚሰፍረው። እማማ ሳሎን የሚሰቅሉት ወረቀት ላይ ሜጀርሽ ብቻ ነው ያለው። ቀጣሪ ደግሞ ሁለቱንም ሳያይ «የሠራሽውን ላኪልኝ» ሊልሽ ይችላል፤ ስለዚህ የየኮርሱን ምርጥ ሥራ ከአሁኑ አንድ ቦታ አስቀምጪ። የትምህርት ቤቱ አካውንት ከተመረቅሽ በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል እዚያ ላይ አትተዪው።