ድሮን፣ እርጥበትና ጨው፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ድሮን መገጣጠምና መጠገን ሥራዬ ነው። ስለ ውሃ የምትጠይቁኝ እየበዛ ስለመጣ፣ የተደጋገሙትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሮኔ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ሩዝ ውስጥ ልቅበረው?

ሩዙን ተወው። ቦርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) ስር የገባውን ውሃ ስቦ አያወጣም፤ ዱቄቱ ግን በየቀዳዳው ይገባል። መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል። «ይሠራ ይሆን?» ብለህ እንዳታበራው! ከውሃው የተረፈ ቦርድ ሳይደርቅ ሲበራ ይቃጠላል። ክፈተውና ማራገቢያ ፊት አስቀምጠው። ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) ካለህ ከሱ ጋር በደንብ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ ዝጋበት።

ጥያቄ፦ የኔ ጅቡቲ ባሕር ውስጥ ነው የወደቀው። ቶሎ አወጣሁት፣ ደረቀ፣ አሁን ይበራል። ተረፈ ማለት ነው?

ገና አልተረፈም። ውሃው ተነነ እንጂ ጨው እዚያው ነው። ተራ የገበታ ጨው እንኳ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየር ውሃ ስቦ ይሟሟል። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ከዚያ ባትሪ በሰካህ ቁጥር ኤሌክትሪኩ በዚያ ጨዋማ እርጥበት በኩል ያልፋል፣ መዳቡንም ይበላዋል። ድሮኑ ዛሬ በርሮ ከሳምንታት በኋላ አየር ላይ ድንገት የሚጠፋው በዚህ ነው። ሰው ጭንቅላት ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ስለዚህ እባክህ አሁኑኑ አቁመው።

ባትሪውን አውጥተህ ሙሉ በሙሉ ፍታው። ካሜራውንና ጂምባሉን (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን ክፍል) ለይ፤ እነሱ መታጠብ አይወዱም። ቦርዱን በዲስትልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ደጋግመህ እጠብ። ነዳጅ ማደያ ለመኪና ባትሪ የሚሸጡት ውሃ ይሆናል፤ አሲዱን እንዳይሰጡህ ብቻ ተጠንቀቅ። ቀጥሎ በአይሶፕሮፒል አልኮልና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጽዳ፣ በተለይ የኮኔክተሮቹን (የሽቦ መሰኪያዎቹን) ሥር። ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ የሆነውን አልኮል ፈልግ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ሞተሮቹም ይታጠቡ። የሞተር ጥቅል ሽቦ በቫርኒሽ ስለተሸፈነ ውሃ ብዙም አይጎዳውም፤ ቀድሞ የሚዝገው ኩሽኔታው ነው። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ስጠው።

ባሕሩ ዳር ላይ ዲስትልድ ውሃ ከየት ይመጣል? የሃይላንድ ውሃ አፍስስበት። ጨው ደርቆበት ቤት ከሚደርስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ውሃ እንዳይጎዳው ቦርዱን አስቀድሜ መቀባት እችላለሁ? የጥፍር ቀለምስ ይሆናል?

እንዲያውም ቅቢው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ኮንፎርማል ኮቲንግ ይባላል። የሲሊኮኑን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ሙቀት ይችላል፣ አይሰነጠቅም። አክሪሊኩ ደግሞ ለጥገና ሲፈለግ በቀላሉ ይነሳል። የጥፍር ቀለም ከምንም ይሻላል፣ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ከመቀባትሽ በፊት ቦርዱን በአልኮል አጽጂ፤ ጨውና ላብ ከሥሩ ከተቀበረ ዝገቱ ተሸፍኖ ይቀጥላል። አንድ ወፍራም ከምትቀቢ ሁለት ስስ ይሻላል። ብዙዎቹ ኮቲንጎች በአልትራቫዮሌት መብራት ስለሚያበሩ፣ የብር ኖት መፈተሻ መብራት ካለሽ የተዘለለው ቦታ ይታይሻል።

የዩኤስቢና የሜሞሪ ካርድ ቀዳዳ፣ ቁልፎችና ኮኔክተሮች አይነኩ። ባሮሜትሩንም (በአየር ግፊት ከፍታ የሚለካውን) አደራ! ትንሽ ብረት መሳይ ናት፣ ላይዋ ላይ ቀዳዳ አላት። ያ ቀዳዳ ከተደፈነ ድሮኑ ከፍታውን ይስታል።

ጥያቄ፦ ዳሎል ልቀርጽ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

አየሩ ደረቅ ነው፣ መሬቱ ግን ጨው ነው። ፕሮፔለሩ የጨው ብናኝ አንስቶ ሞተር ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ምንጣፍ ወይም ሸራ አንጥፈህ ከዚያ ላይ አስነሳ፤ ከቻልክ በእጅህ አትቀበለው። የፍልውሃዎቹ ፒኤች ከ1 በታች የሚወርድባቸው አሉ፣ ከባድ አሲድ ነው። የድኝ ሽታ ያለው ጭስ ውስጥ አትግባ፤ መዳብም ብርም ያጠቁራል።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነው የምኖረው፤ ሙት ባሕር ላይ ወድቆብኝ ነበር። ለምን አይደርቅም?

ተራ የባሕር ውሃ 3.5 በመቶ ገደማ ጨው ነው፣ ሙት ባሕር ግን ወደ 34 በመቶ ይጠጋል። ከሱም ብዙው ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው። ይኼኛው የአየሩ እርጥበት 33 በመቶ ሲሆን ጀምሮ ውሃ ይስባል። ፀሐይ ላይ ስታሰጣው ብትውል ቦርዱ አይደርቅልህም። በውሃ ማጠብ ብቻ ነው መፍትሔው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ውሃ አልነካውም፣ ግን ሌንሱ ይጨልማል።

ከኤሲ ወጥቶ እርጥብ ሙቀት ሲያገኘው ላብ ያወጣል። ሌንሱ ላይ ካየሽው ቦርዱም ላይ አለ ማለት ነው። ቦርሳው ሳይከፈት ውጭ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ይብረር።

ጥያቄ፦ አይፒ55 (ውሃና አቧራ የመከላከል ደረጃ) የሚል ድሮን ብገዛስ?

እንደ ዲጄአይ ማትሪስ 30 ያለው ዝናብ ይችላል። ቁጥሩ ግን የሚለካው በንጹሕ ውሃና በአቧራ ነው፤ ስለ ጨው ዝገት ምንም አይልም።

ጥያቄ፦ ባሕር የገባውን ባትሪ ቻርጅ ላድርገው?

በፍጹም። ጤነኛ ቢመስልም ከሰዓታት በኋላ ሊነድ ይችላል። ከቤት አውጥተሽ አሸዋ ባለበት የብረት ባልዲ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ አቆዪው። «ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ባዶ አድርጊው» የሚሉሽንም አትስሚ። ጨዋማው ውሃ ቀድሞ የሚበላው የባትሪውን ጫፎች ነው፤ እነሱ ሲቆረጡ ኃይሉ ውስጡ ይቀራል።