ሐዲዱ ሸሸብኝ፦ የአናጢው ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቁም ሳጥንና የኩሽና ዕቃ ነው የምሠራው። ሰሌዳው ላይ በሚዘረጋ ሐዲድ የሚሄድ መጋዝ ከያዝኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኮምፔንሳቶ ላይ ችግር የለብኝም። ሜላሚን፣ ማለትም ያን የሚያንሸራትት ልሙጥ ሽፋን፣ የለበሰ ቺፑድ ላይ ግን ሐዲዱ ይንሸራተትብኛል። ሰሞኑን ሁለት በር አበላሸሁ። ጫፍና ጫፉን በክላምፕ፣ በመቆንጠጫ፣ አስሬው እንኳ መሃሉ ሸሸት ይላል። ጓደኛዬ በቫኪዩም የሚጣበቅ ሐዲድ አለ አለኝ። የምሩን ነው? ደግሞስ ያለኝን ሐዲድ እንደዚያ ላደርገው እችላለሁ?

መልስ፦ የምሩን ነው። የጀርመኑ መሣሪያ አምራች ማፌል ኤሮፊክስ የሚለው ሐዲድ አለው። የአቧራ መምጠጫ ቱቦ ትሰካበታለህ፣ ሐዲዱ እንጨቱ ላይ ልጥፍ ይላል።

ግን አትቸኩል። መጀመሪያ ሐዲድህን ገልብጠህ ሆዱን እየው። ከሥሩ በርዝመቱ የተለጠፉት ጎማዎች አሉ አይደል? ስትገዛው ጥቁር ከነበሩና አሁን ግራጫ ከሆኑ፣ ነገሩ እዚያ ነው። የሰጋቱራው ብናኝ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ሊጥ አድርጓቸዋል። ምንም ላይ አይዙም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጋቸው፣ ይድረቁ፣ ከዚያ አውራ ጣትህን ጫን አድርገህ ሳብ። ጣትህን ያዝ ካደረገው ዳነ ማለት ነው። ሜላሚኑንም ጥረገው። እኔ ይህን ያወቅኩት አዲስ ሐዲድ ከገዛሁ በኋላ ነው። አሮጌው ለካ ምንም አልሆነም ነበር!

የመሃሉ መሸሽ ብዙ ጊዜ የእጅ ነው። መጋዙን ወደፊት ስትገፋ ሳታውቀው ወደ ጎንም ትጫነዋለህ። ረጅም ሐዲድ ጫፍና ጫፉ ብቻ ሲታሰር መሃሉ እንደ ቀስት ይለመጣል። በር ላይ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ለዓይን ብዙ ነው። ቫኪዩም ክላምፕን የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ይይዛል።

አያያዙን ልንገርህ። ቫኪዩም ይስባል እንላለን እንጂ የሚጫነው ከላይ ያለው አየር ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል። የዎርክሾፕ አቧራ መምጠጫ ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም በካሬ ሴንቲሜትር 200 ግራም ያህል (20 ኪሎፓስካል አካባቢ) ቢሰጥህ ነው። ጥቂት ይመስላል። ግን ከሐዲዱ ሥር የታሸገው ክፍተት ስፋቱ 5፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲሜትር ቢሆን 600 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ 120 ኪሎ ሰው ቆመበት በለው። ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው ግን ሰበቃው ነው። ሲሶውን ብቻ ብትቆጥር 40 ኪሎ ይሆናል። እጅህ በስህተት ከሚገፋው በላይ ነው።

ቦታህ ከፍታ ከሆነ ደግሞ ቀንስ። 2400 ሜትር ላይ አየሩ ራሱ ሩብ ያህል ይሳሳል። መምጠጫውም በዚያው ልክ ይደክማል። 120ው ወደ 90 ወረደ በል።

ያለህን ሐዲድ ስለመቀየር። ይቻላል፣ ግን ወጥመድ አለው። ሰው የሚሠራው አየር የማያሳልፍ ስፖንጅ ከሥር ዙሪያውን ለጥፎ፣ ክፍተት ፈጥሮ፣ ቱቦ ማስገባት ነው። ስፖንጁ 3 ሚሊሜትር ቢያነሳው ምን ይሆናል? ከመጋዙ ዲስክ አጠገብ ያለችው ቀጭን የጎማ ከንፈርም አብራ ትነሳለች። እሷ ናት ሜላሚኑን ተጭና ጠርዙ እንዳይፈረፈር የምታደርገው። ከተነሳች ሐዲድህ አይነቃነቅም፣ ጠርዝህ ግን አይጥ የበላው ይመስላል። ስለዚህ ስፖንጁ ተጨምቆ ከነበሩት ጎማዎች ጋር እኩል የሚሆን፣ ለስላሳ ይሁን። ሌላው፣ ሐዲዱ ሁልጊዜ ከሰሌዳው አልፎ ይወጣል፣ መጋዙ መነሻ ይፈልጋላ። ያ የወጣው ክፍል ክፍት በር ነው፣ አየሩን ሁሉ ያስገባል። የታሸገው ክፍተት ከሰሌዳው አጠር ብሎ እንዲያልቅ በሁለቱም በኩል በስፖንጅ ድፈነው።

ይህ ሁሉ ካስቸገረህ፣ መስታወት ገጣሚዎች የሚይዙትን ባለ ፓምፕ መምጠጫ እጀታ ታውቀዋለህ? በአውራ ጣት የሚታመቀውን። አንድ ሁለቱን ከሐዲዱ ጀርባ፣ ሐዲዱን አስነክተህ ሜላሚኑ ላይ አጣብቅ። ሐዲዱ ወደ ኋላ መሸሻ ያጣል። አየር ሲያጣ በፓምፑ ላይ ቀይ መስመር ብቅ የሚልበት ዓይነት ነው የምወደው። እኔ ዛሬ የምሠራው በዚህ ነው፣ ሥራዬም አልቆመም።

ሳልረሳው፦ መምጠጫህ ከመጋዙ ጋር አብሮ የሚነሳና አብሮ የሚቆም ከሆነ፣ ወደ ማንዋል፣ በራሱ ማብሪያ ወደሚነሳበት፣ መልሰው። አለዚያ መጋዙን ለአፍታ ስታቆም ሐዲዱም ይለቅሃል። የመጋዙን ሰጋቱራ የሚስብልህ ደግሞ ሌላ መምጠጫ ይሁን፤ አንዱ ለሁለቱ ቢካፈል ለሁለቱም አይበቃም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤት ውስጥ የማልጠቀምበት ምንጣፍ መጥረጊያ ቫኪዩም አለኝ። ለሐዲዱ እሱን ባደርገው ምን ይለኛል? ዎርክሾፕ ከከፈትኩ ገና አንድ ወር ነው፣ ዕቃ ማብዛት አልፈልግም።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ አድርጌዋለሁ። አንድ ረጅም የጠረጴዛ ገጽ እየቆረጥኩ ነበር። ሐዲዱ ግጥም ብሎ ያዘ፣ ደስ አለኝ። ቫኪዩሙ ግን ድምፁ ከፍ፣ ከፍ፣ ቀጠን እያለ ሄደ። በርትቶ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝ። አለቀለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ቫኪዩም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራሱ በሚስበው አየር ነው። አፉን ስትደፍኝው ማራገቢያው የሚገፋው አየር አጥቶ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ድምፁ የሚቀጥነው ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ማቀዝቀዣ ያጣል። ጥሩ የዎርክሾፕ መምጠጫ ሞተሩን በሌላ አየር፣ ለብቻው ያቀዘቅዛል። ስትገዢ ሻጩን ይህንኑ ጠይቂው። ካላወቀ ሌላ ጋ ሂጂ።

መጋዝሽ ባለ ባትሪ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሲጠፋ መምጠጫው ይቆማል፣ መጋዙ ግን ይቀጥላል። ሐዲዱ መልቀቁን የምታውቂው ዲስኩ ተጣሞ ሲነክስና መጋዙ ወደ አንቺ ሲራገጥ ነው። የመምጠጫው ድምፅ ሲጠፋ ጣትሽ ከማስነሻው ላይ ይነሳ። ለዚህ ስል የጆሮ መከላከያ አውልቂ አልልሽም፤ መምጠጫውን በዓይንሽ ልታዪው የምትችይበት ቦታ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ጥሬ ኤምዲኤፍ፣ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ላይስ ቫኪዩሙ ይይዛል? ምንም ያልለበሰ፣ ቀለም ያልተቀባ።

መልስ፦ ኤምዲኤፍ አየር ያሳልፋል። በኮምፒውተር የሚሠሩት የመቁረጫ ማሽኖች ጠረጴዛቸው ላይ ኤምዲኤፍ የሚያነጥፉት አየሩን በእሱ ውስጥ አሳልፈው ሌላውን ሰሌዳ ለመሳብ ነው። አንተ ጋ ግን ይኸው ጠባዩ ጠላትህ ነው። ከላይ ትስባለህ፣ ከሥርና ከጠርዝ ይገባል። ጠርዙንና ጀርባውን በማሸጊያ ፕላስተር ብትሸፍነው ይሻሻላል። ጥሬ ቺፑድ ከዚህም ይብሳል፣ ወንፊት በለው።

መምጠጫው እየሠራ ሐዲዱን በመዳፍህ በደንብ ወደ ጎን ግፋው። ፀጉር ታህል ከተነቃነቀ ቱቦውን ንቀልና ክላምፕህን አምጣ። ጥሬ ኤምዲኤፍ ላይ ጎማው ንጹሕ ከሆነ ሁለት ክላምፕ ይበቃል።