የመጨረሻው እጥበት

ይድረስ ፊልም አጠባ ለመማር ለጓጓችሁ ልጆቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ቅዳሜ ሱሉልታ ወዳለችው ጨለማ ክፍሌ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁላችሁም «ስንት ደቂቃ ነው?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ፤ «ለምን?» ያለኝ ግን የለም። እኔም በወጣትነቴ ደቂቃ ብቻ ነበር የምቆጥረው።

ፊልሙ ላይ ያለው በጄላቲን ውስጥ የተበተነ የብር ጨው ነው። (ብር ስል ኪሳችሁን አትዳብሱ፤ ማዕድኑን ነው።) ብርሃን የነካውን ቅንጣት ዴቬሎፐሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል። ዲ-76 የተባለውን ዴቬሎፐር ራሳችሁ ትቀምሙታላችሁ፤ ለአንድ ሊትር 2 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 2 ግራም ቦራክስ። ሰልፋይቱ ሙሉ በሙሉ ከቀደመ ሜቶሉ አልሟሟም ብሎ ያስቸግራችኋል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ይሁን። የሱሉልታ ውሃ ጠዋት እጅ ያደነዝዛል፤ ሃይድሮኪኖን ደግሞ ብርድ አይወድም።

ብርሃን ያልነካውን ጨው የሚያሟሟው ፊክሰሩ፣ ማለትም ሃይፖ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል ይህን ጠባዩን የደረሰበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1819 ነው፤ ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ ከመሆኑ 20 ዓመት ቀድሞ!

በወጣትነቴ ውሃ በጀሪካን፣ በአህያ ተጭኖ ነበር የሚመጣልን። እኔም ልቆጥብ ብዬ ከፊክሰር የወጣውን ፊልም አንዴ ብቻ አለቅልቄ እሰቅል ነበር። ሲደርቅ ያምራል፤ ማን ያውቅብኛል? ከዓመታት በኋላ አንዲት እናት የሟች ባላቸውን ኔጋቲቭ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። «እንደገና አትምልኝ ልጄ፣ ያለኝ ይኸው ብቻ ነው» አሉኝ። ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው የሰውየውን ፊት ቢጫ ነጠብጣብ በልቶታል። በጄላቲኑ ውስጥ የቀረው ሃይፖ ቀስ በቀስ ፈርሶ፣ በውስጡ ያለው ድኝ ብሩን ወደ ብር ሰልፋይድ ለውጦታል። ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። «እርጅና ነው፣ እናቴ» ብዬ ሸኘኋቸው።

የሚያናድደኝ፣ ብዙ ውሃ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ጄላቲን ማጠንከሪያ በሌለው ፊክሰር ከሠራችሁ ታንኩን፣ ማለትም ፊልሙ የሚታጠብበትን ክዳን ያለው ዕቃ፣ በውሃ ሞልታችሁ 5 ጊዜ ገልብጡትና ድፉት፤ በአዲስ ውሃ 10 ጊዜ፣ በሌላ አዲስ ውሃ 20 ጊዜ። ለአንድ ጥቅል 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ሊትር ገደማ ይበቃል።

ሰሞኑን ቧንቧው እየተቋረጠ ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛችሁ ኑ።