ስታዲየም አጠገብ ለምትኖሪው እህቴ፦ መስኮቱን ትተሽ ፈቃዱን ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ቤትሽ ከስታዲየሙ ማዶ ነው። ኮንሰርት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃኑ አይተኛም። ድምፁን በስልክ አፕ ለክተሽ 70 ምናምን ዴሲቤል አገኘሽ። አሁን «ድርብ መስታወት ላስገባ ወይስ ልክሰስ?» ነው ያልሽው። ከሥር የተሰጡሽን መልሶችም አየሁ። «ጆሮሽ ውስጥ ጥጥ ክተቺ» ያለሽ ሰውዬ ስታዲየም አጠገብ አንድ ሌሊት አላደረም። እኔ አድሬያለሁ። ተቃጥዬበታለሁ፣ ኋላ ላይ ደግሞ ተሳክቶልኛል። ረዘም ቢልም ታገሺኝ።

1. መስኮቱን ለጊዜው ተዪው። የሚያስቸግርሽ ዘፈኑ አይደለም፣ ቤዙ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ። መስኮት ስትዘጊ የዘፋኙ ቃል ይጠፋል፣ ድም ድሙ ግን አልጋሽ ድረስ ይመጣል። 63 ሄርዝ አካባቢ ያለ፣ ማለትም በሰከንድ 63 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ቤዝ አንዱ ሞገድ ብቻ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ይህን መስታወት አያቆመውም። ወፍራምና ከባድ ግድግዳ ነው የሚያዳክመው፣ እሱም በከፊል። ጎረቤታችን ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ የቤቱን መስኮት በሙሉ ቀየረ። ቀጭኑ ድምፅ ጠፋለት፣ ቤዙ ብቻውን ቀረ። «በፊት ቢያንስ ዘፈኑን እሰማ ነበር» ይላል እስካሁን፣ እየሳቀም እየተናደደም።

2. የስልክሽን አፕ ለማንም ቢሮ አታሳዪ። የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነው። አንቺን የሚያስጨንቅሽን ወፍራም ድምፅ በደንብ አይዝም። ይስቁብሻል። ክርክር ላይ የሚያዋጣው ክላስ 1 የሚባለው ትክክለኛነቱ ከፍ ያለ የድምፅ መለኪያ ነው፣ ያውም ከመለካቱ በፊትና በኋላ ልክነቱ ተረጋግጦ። ኪራዩ ለአንድ ቤት ይከብዳል፣ ለአንድ ሕንፃ ግን አይከብድም፤ አዋጡ። አንቺ እስከዚያ ማስታወሻ ያዢ። ሰዓቱን፣ ክፍሉን፣ መስኮቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጻፊ።

ነፋሱን አትናቂው። ከስታዲየሙ ወደ አንቺ ሲነፍስ ድምፁን ይዞልሽ ይመጣል። ሌላም አለ። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ምሽት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው አየር ግን ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ወደ ሰማይ መሄድ የነበረበት ድምፅ ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ስታዲየሙ ሥር ያሉት ዝም ብለው ራቅ ያለ ሰፈር የሚያብደው። ይህን ካልጻፍሽው ቢሮው «ያ ሰፈር ሩቅ ነው፣ አይመለከተውም» ብሎ ይዘጋብሻል። እኛን ብሎናል።

3. ቢሮው። ስለ ኮንሰርት ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ የሄድነው ኮንሰርቱ ከመድረሱ በፊት ነበር። ኃላፊዋ ከወረቀታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ገና ያልተደረገ ነገር እንዴት ይከሰሳል? ሲረብሻችሁ ኑ» አሉን። እሺ ብለን ወጣን። ረበሸን። ሄድን። «እሱማ አለፈ፣ ያለፈ ኮንሰርት ምን ይደረጋል?» አሉን። የሚቀጥለውስ? «የሚቀጥለው ፈቃድ ወጥቷል።» ታዲያ ሰው መቼ ነው የሚመጣው? ይህንኑ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አወለቁና «ሙዚቃ የማይወድ ሰው ስታዲየም አጠገብ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ሰው ፊት። ልብ በይ፣ እኛ እዚያ ስንገባ ስታዲየሙ የኳስ ነበር፣ ኮንሰርት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ደግሞ ሙዚቃ እወዳለሁ። የማልወደው አልጋዬ ሲደንስ ነው።

ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ቆይተው፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ለኪ ላኩልን። ልጁ መጣ፣ መንገድ ዳር ቆመ። አንዱ ባንድ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ባለው ክፍተት ለካ። ዋናው ዘፋኝ ሲወጣ እሱ የለም። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ «በተፈቀደው ልክ ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ቁጥሩ የተጻፈው በዴሲቤል ኤ ብቻ ነው። አንቺም ይህን በደንብ ያዢው፣ ቢሮው የሚያመልጠው በዚህ ቀዳዳ ነውና። ዴሲቤል ኤ የሰው ጆሮ ዝቅተኛ ድምፅን ደከም አድርጎ ይሰማል ብሎ ከቤዙ ላይ ይቀንሳል። 63 ሄርዝ ላይ የሚቀንሰው 26 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ 80 ዴሲቤል ቤዝ ቤትሽን እየናጠው ወረቀቱ ላይ 54 ሆኖ ይቀመጣል። ዴሲቤል ሲ በሚባለው ብትለኪው እዚያው ላይ የሚቀነሰው 1 ዴሲቤል አይሞላም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስለኪ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ችግሩ ቤዝ ነው፣ ክርክር የለውም።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1995 ለኮንሰርት ድምፅ ባወጡት መመሪያ ላይ ይህ ነገር ተነስቷል። በዓመት ከ3 ቀን ያልበለጠ ኮንሰርት ለሚያስተናግድ የከተማ ስታዲየም ያስቀመጡት ልክ በሰው ቤት ግድግዳ ውጭ፣ በ15 ደቂቃ አማካይ፣ 75 ዴሲቤል ኤ ነው። ቀኖቹ ሲበዙ ልኩ ይጠብቃል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ደግሞ መስኮት ተከፍቶ ቤት ውስጥ መሰማት የለበትም ይላል። ስለ ቤዙም፣ ራቅ ያሉ ሰፈሮች ላይ በተደረገ ጥናት 63 ወይም 125 ሄርዝ ላይ እስከ 70 ዴሲቤል ሰው እንደሚችለው፣ 80 ሲደርስ ግን በጣም እንደሚረብሽ ተጽፎበታል። ወረቀቱን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ኃላፊዋ አንድ ገጽ ገልጠው «እኛ እንግሊዝ ነን እንዴ?» አሉኝ። አፍንጫህን ላስ ማለታቸው ነው።

እኔም መለስ ብዬ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ስለ ድምፅ መከራከሬን ትቼ የፈቃዱን ቅጂ በጽሑፍ ጠየቅኩ። «የፈቃዱ ቅጂ ከነተያያዙት ሁኔታዎች» ብለሽ ጠይቂ፣ በዚሁ ቃል። መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥር ተቀበዪ፣ በአፍ የጠየቅሽው ነገር የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱ ሲመጣ ምን አገኘሁ? የመለኪያው ቦታ «የስታዲየሙ ዋና በር» ይላል። ዋናው በር ከመድረኩ ጀርባ ነው፣ እኛ ደግሞ ስፒከሮቹ በሚያዩት በኩል ነን! አማካዩ የሚሰላው በምሽቱ ሙሉ ነው፣ ባንዶች ሲቀያየሩ ያለው ጸጥታ ሁሉ ተጨምሮ። ከሥር በትንንሽ ጽሑፍ ደግሞ ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት ነዋሪ በጽሑፍ አስተያየት የሚያስገባበት ጊዜ እንዳለ ተጽፏል። ኃላፊዋ ይህን ሳያውቁት ቀርተው ነው? እኔ አላምንም።

ስለዚህ 4 ይሁን 5 ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ዋናው ምክሬ ይኼ ነው፦ ትግሉን ኮንሰርቱ ማታ አታድርጊው፣ ፈቃዱ ሳይወጣ አድርጊው። ቲኬት ከተሸጠ በኋላ ማንም አይሰማሽም። ደብሊን የሆነውን እይ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካዊው ዘፋኝ ጋርዝ ብሩክስ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ላይ 5 ኮንሰርት ሊያቀርብ ወደ 400,000 ቲኬት ተሸጠ። የከተማው ምክር ቤት ፈቃዱን የሰጠው ግን ከዚያ በኋላ፣ ለ3ቱ ብቻ ነው። ዘፋኙ «5ቱም ወይም ምንም» አለ፣ ሁሉም ተሰረዘ። ተቃውሞ ያሰማው ነዋሪ እንደ ሀገር ጠላት ታየ። ቀድሞ በወረቀት ያለቀ ነገር ቢሆን ማንም ያን ያህል አይሰደብም ነበር።

«ስታዲየማችን ጣራ ስላለው አይሰማም» ካሉሽም አትታለዪ። የሪያል ማድሪድ ክለብ ስታዲየም በርናቤው በብዙ ገንዘብ ታድሶ የሚዘጋ ጣራ ተሠራለት። ያም ሆኖ ጎረቤቶቹ ስለ ጫጫታው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ክለቡ ኮንሰርቶቹን አቆመ።

እኛ በአስተያየት ጊዜው ያስገባነው ደብዳቤ አንድ ገጽ አይሞላም። «ኮንሰርት ይከልከል» አላልንም፣ ያን ብንል ቅርጫት ውስጥ ነበር የሚገባው። የጠየቅነው እንዲህ ነው። መለኪያው በጣም የቀረበው መኝታ ቤት ውጭ ይቆም፣ ከፍ ያለው ፎቅ ላይ። አማካዩ በ15 ደቂቃ ይሰላ። ለ63 እና ለ125 ሄርዝ የተለየ ቁጥር ይጻፍ። ሳውንድ ቼኩ፣ ማለትም ከኮንሰርቱ በፊት ዕቃውን የሚሞክሩበት፣ ሰዓት ይወሰንለት፣ ምክንያቱም እሱም ሰው ይረብሻል፣ ፈቃዱ ላይ ግን ስሙ እንኳ አይነሳም። የሚደወልበት ስልክ ይኑር፣ የሚያነሳው ሰው ደግሞ ድምፁን ከሚቆጣጠረው ማሽን፣ ከሚክሰሩ ጋ ያለውን ሰው ማዘዝ የሚችል ይሁን። የጥበቃ ስልክ ሰጥተውሽ ሌሊቱን ሙሉ «እሺ እነግራቸዋለሁ» ሲልሽ ያድራል። የማለቂያው ሰዓትም ቁርጥ ያለ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና ፖል ማካርትኒ አብረው እየዘፈኑ ሰዓቱ ስላለፈ ማይኩ ተዘግቶባቸዋል። ለእነሱ ያልተራራ ሰዓት ለማንም አይራራም።

ከሁሉም የጠቀመን ግን ቅድመ ሙከራው ነው። ከኮንሰርቱ በፊት በቀን ድምፁን በምሽቱ ልክ ከፍተው ሚክሰሩ ጋም አንቺ ቤትም በአንድ ጊዜ ይለካሉ። ሚክሰሩ ጋ 98፣ አንቺ ቤት 73 ከሆነ ልዩነቱ 25 ነው። አንቺ ቤት 70 እንዲሆን ከተፈለገ ሚክሰሩ ከ95 አያልፍም። አለቀ፣ ሳውንድ ኢንጂነሩ ስክሪኑ ላይ እያየ ራሱን ይቆጣጠራል። ማታ ማታ አንቺ ስልክ መምታት የለብሽም። ነፋሱ ከተቀየረ ልዩነቱም ስለሚቀየር ግን ማታም አንድ መለኪያ ቤትሽ ጋ ይቁም።

የጠየቅነው ፈቃዱ ላይ ስለተጻፈ ኢንጂነሩ ግድ ሆኖበት ለቅድመ ሙከራው እኛ ቤት መጣ። እኔ የቢሮውን ዓይነት ሰው ነበር የጠበቅኩት። ልጁ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ ዝም ብሎ ቆመ። የቁም ሳጥኑ በር ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ትር ትር ትር። እጁን በሩ ላይ አሳረፈና በሬዲዮ «ሰብዉፈሩን 3 ቀንስልኝ» አለ፣ የቤዙን ስፒከር 3 ዴሲቤል ማለቱ ነው። በሩ አላቆመም። «ሌላ 3።» ትርትርታው ቆመ። እዚያው ቆሞ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ከዚያ እንደገለጸልኝ ከሰብዉፈሮቹ ከፊሉን ወደ ኋላ አዙሮ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያዘገያቸዋል፣ ያን ጊዜ ወደ መድረኩ ጀርባ የሚሄደው ቤዝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኛ ግን ፊት ለፊት ስለሆንን ይህ ብቻውን አይበቃንም፤ ወይ መድረኩ መዞር አለበት፣ ወይ ቤዙ መቀነስ። ሜዳው መሃል ተጨማሪ ስፒከሮች ከተተከሉ ደግሞ የፊተኞቹ ኋላ ላለው ሰው ብለው መጮህ አያስፈልጋቸውም። ይህን ሁሉ የነገረኝ በ10 ደቂቃ ነው። ቢሮው በዚያ ሁሉ ምልልስ ያልነገረኝን።

ማታ ስታዲየሙ ሙሉ ነበር። ሰው ጨፈረ፣ ጮኸ፣ ማንም «ቤዝ ጎደለ» ብሎ አልወጣም። እኛ ቤት ዘፈኑ አሁንም ይሰማል፣ አልዋሽሽም። የቁም ሳጥኑ በር ግን ዝም እንዳለ አደረ፣ ልጆቹም ተኙ።

ስለ ክስ የጠየቅሽው፣ በሩን አልዘጋብሽም። ግን ፈቃዱ ላይ ልኩ በትክክል ሳይጻፍ ብትከሺ ጠበቃቸው «በተፈቀደው ልክ ውስጥ» የምትለውን ደብዳቤ አውጥቶ ያስቀምጥብሻል። መጀመሪያ ልኩን አስተካክዪ፣ ከዚያ ሲጥሱት ክሰሺ። ፊርማ ስታሰባስቢም ከየቤቱ የመኝታ ክፍሉን አቅጣጫና ፎቁን አብረሽ ጻፊ፣ ባዶ የስም ዝርዝር አይረባም።

ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት ሂጂና የፈቃዱን ቅጂ ጠይቂ። ስታገኚው «የመለኪያ ቦታ» እና «አማካይ» የሚሉትን አንቀጾች ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ ስምሽን ሸፍነሽ። የእኛን ደብዳቤ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ የሰፈሩን ስም ቀይረሽ ተጠቀሚበት።