ሜካኒካል ሲሉን ቀይረው ፓምፑን ከማስነሳትዎ በፊት አየሩን ያስወጡ

ስታዲየም አካባቢ ያለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ የሚያስተዳድሩ እህት ችግራቸውን ጽፈውልናል። ከምድር ቤት ታንከር ወደ ጣሪያ ውሃ የሚገፋው የቁም ፓምፕ ሜካኒካል ሲል፣ ማለትም ውሃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳያፈስ ፊት ለፊት በተገጠሙ የሴራሚክና የካርቦን ቀለበቶች የሚዘጋው ማሸጊያ፣ ተቀይሮ ወር ሳይሞላው ያፈስሳል። ሞተሩ ሲነሳ ያፏጫል፣ በዘንጉ ዙሪያ ጥቁር ዱቄት ይታያል፣ የወጣው ነጭ የሴራሚክ ቀለበትም ከመሃል ወደ ዳር ተሰነጣጥቋል። ጥያቄያቸው ጥሩ ሜካኒካል ሲል ከየት ልግዛ የሚል ነው።

እህቴ፣ ግዢውን ለጊዜው ያቆዩት። ፉጨት፣ ጥቁር ዱቄትና ስንጥቅ አንድ ላይ ከመጡ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ ማሸጊያው ያለ ውሃ እየዞረ ነው። ዱቄቱ በደረቁ የተፋቀ የካርቦን ቀለበት ነው። ስንጥቁ ደግሞ የጋለ የሸክላ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት የሚደርስበት ዓይነት ነው።

ታንከሩ ውሃ አለው ይሉኝ ይሆናል። በቁም ፓምፕ ላይ ግን ማሸጊያው ያለው ከላይ፣ ከሞተሩ ሥር ነው፤ አየርም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ከታች ያሉት ክንፎች ውሃ እየገፉ ማሸጊያው ብቻውን በአየር ውስጥ ይዞራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከሩ ይራቆታል፣ መምጠጫው አየር ይስባል፤ ውሃው ሲመለስ አየሩን ለማስወጣት የሚያስታውስ ሰው የለም።

ፓምፑን ከመንካትዎ በፊት ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፣ ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ፣ ከዚያም መብራት አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ። መብራት ጠፍቷልና ችግር የለም ብሎ ዘንግ የሚይዝ ሰው አለ። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ማንንም ሳያስፈቅድ ይነሳል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይወደው፣ እኔ ግን ወደምወደው ነገር ልግባ። ሁለቱ ቀለበቶች እየተፋተጉ የሚሠሩ ይመስለናል። በመካከላቸው ግን ስስ የውሃ ሽፋን አለ፤ ውፍረቱ በአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የራስ ፀጉር ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። በእንዲህ ያለ ቀጭን ሽፋን ውስጥ ግፊት እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሰላውን ቀመር መሐንዲሱ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አቅርቦልናል። ዛሬም መሐንዲሶች በኮምፒውተር ሲያሰሉ መነሻቸው ይኸው ቀመር ነው፤ በላዩ ላይ የሙቀቱን ስሌትና ቀለበቱ ግሎ የሚጣመምበትን መጠን ይጨምሩበታል። ስሌቱ የሚያሳየው ነገር ያስገርማል፤ ክፍተቱ በእጥፍ ቢሰፋ የሚያመልጠው ውሃ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ክፍተቱ እጅግ መጥበብ አለበት፤ ፈጽሞ ከተዘጋ ደግሞ ቀለበቶቹ ይበላላሉ። ስፕሪንጉና ከኋላ ያለው የውሃ ግፊት ይዘጉታል፣ ሽፋኑ ይከፍተዋል፤ ማሸጊያው የሚኖረው በዚህ ትግል መካከል ነው። ሽፋኑ አየር ወዳለበት ወገን በተጠጋ ቁጥር ግፊቱ እየወረደ መጨረሻው ላይ ከአየሩ ግፊት ጋር ይስተካከላል። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን በ100 ነበር። ቀለበቶቹ ትንሽ ከጋሉ በአየሩ በኩል ያለው የሽፋኑ ጠርዝ ቀድሞ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ውሃው ጭራሽ ከሌለ የሚሰላ ነገርም የለም፤ የቀረው ደረቅ ፍትጊያ ነው።

በላኩት ፎቶ ላይ የቀድሞው ጠጋኝ ሥራም ይታያል። የቀለበቱን መቀመጫ ዙሪያ በሲሊከን ማጣበቂያ ለጥፎታል፣ ጎማውን በግራሶ ለውሶታል፣ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎታል። ሦስቱም ጥፋት ናቸው። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ግራሶ ሲነካው ያብጣል፤ ለማስገባት ጥቂት የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። የቀለበቶቹን ፊት በጣት አይንኩ፤ በአልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ። ዘንጉ ላይ ጥፍርዎን ሲያሳልፉ የሚይዝ ጎድጓዳ ካለ አዲሱ ጎማም አያሽግም። መርካቶ በርካሽ የሚሸጠውን ባለ ሴራሚክ ዕቃ በተመለከተ፣ ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም። በሴራሚኩ ፋንታ ሲሊከን ካርባይድ ከሚባል ጠንካራ ቁስ የተሠራ ቀለበት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በደረቁ ከዞረ አይተርፍም።

አዲሱን ከገጠሙ በኋላ የመውጫውን ቫልቭ ዘግተው የመምጠጫውን ይክፈቱ። የፓምፑን አናት የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ያድርጉት፤ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪፈስ ይጠብቁና ያጥብቁት። ብሬከሩ አሁንም የተቆለፈ መሆኑን አይተው ዘንጉን በእጅ ጥቂት ዙር ያዙሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ብሬከሩን መልሰው ፓምፑን ያስነሱትና የመውጫውን ቫልቭ ቀስ እያሉ ይክፈቱ። ታንከሩ በተራቆተ ቁጥር አየር የማስወጣቱ ሥራ ይደገማል፤ ለጥበቃ ሠራተኛው ያሳዩት።

ዋናው ወጪ የምድር ታንከሩ ፍሎት፣ ማለትም በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ላይ ይሁን። ውሃው ከመምጠጫ ቧንቧው አፍ በደንብ ከፍ ብሎ ሳለ ሞተሩን እንዲያጠፋ ያስተካክሉት። ፍሎት ተገጥሞ እያለም ብዙ ሕንፃዎች ውስጥ የማየው ሽቦው ፍሎቱን ዘሎ በቀጥታ ተያይዞ ነው፤ አንድ ቀን ውሃ አጥሮ ቸኩለው ያገናኙት ሳይነካ ይኖራል። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ይፍቱት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ካፈሰሰ ጥርጣሬዬ ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ይዞራል። ብሬከሩን እንደገና ቆልፈው ዘንጉን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይነቅንቁት። የሚታወቅ መላላት ካለው አስቀድመው ኩሽኔታውን ይቀይሩ።