መልስ፦ ደኑ ከሳሳ በኋላም ያልወፈሩት ዛፎች

"የተፈጥሮ ደናችንን ካሳሳን በኋላ አንዳንዶቹ ዛፎች ለምን አልወፈሩም?" ላላችሁት (ማሳሳት ማለት ለቀሩት ቦታ እንዲሰፋ ከዛፎቹ ከፊሉን መቁረጥ ነው)፣ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ቅጠላቸውን እዩ። ዛፍ ከሚያዘጋጀው ምግብ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአዲስ ቅጠልና ለሥር ነው። ግንድ ማወፈር ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሲታመም ቶሎ የሚቀንሰው ውፍረቱ ነው፤ ቁመናው ገና ደህና ቢመስልም። ጫፉ የደረቀ፣ ቅጠሉ የሳሳ ዛፍ ቦታና ብርሃን ስላገኘ ብቻ ወዲያው አያገግምም። ሐረግ ከተጠመጠመበት ቁረጡለት፤ ብርሃን ይሻማዋል። የተቆረጠ ግንድ ሲጎተት የተላጠ ቅርፊት ካለም ፈትሹ። አበስባሽ ፈንገስ የሚገባው በዚያ ነው (ብዙ ሰው አያየውም እንጂ በጣም የተለመደ ነው)። ውፍረቱን በየዓመቱ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ምልክት አድርጋችሁ እዚያው ለኩ። ደካማውን ሁሉ ግን አትጥረጉ፤ ለወፎች ጎጆ የሚሆኑ ጥቂት ያረጁ ይቅሩ።